ገቢ ቁጥር 412

ልብስ አጣቢው ቲኬቷን ተቀብሎ የሌላ ሰው ካፖርት ሰጣት። ለምን ብላ አልጠየቀችም። ግራ ኪሱ ውስጥ ፍላሽ እንዳለ በጣቷ አረጋገጠች። ሸሚዙን የሚጠብቅ መስሎ አጠገቧ የቆመው ሰው ሳይዞር ተናገረ።

«ፍላሹ ከምሳ በፊት የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ መሳቢያ ውስጥ ይገባል።»

«ምርመራው ሳያልቅ?»

«አልቋል። 'ገባ' ብለሽ ላኪልኝ፤ ፈታሾቹ ወዲያው ይደርሳሉ።»

የሰውየው የምስጢር ስም ዋርካ ነው፤ የእሷ መርፌ። ከሦስት ወር በፊት ወደ ራዳር ጥገና መሥሪያ ቤቱ ሲገቡ እሱ አማካሪ፣ እሷ አሰልጣኝ ተብለው ነበር። የትኛው የድንበር ራዳር መቼ ለጥገና እንደሚጠፋ ከዚያ ቤት የሚያወጣ ሰው አለ፤ እሱን እንዲያገኙ ነው የተላኩት። መሣሪያ አሻጋሪዎች ያቺን ሰዓት ጠብቀው ያልፋሉ። ባለፈው ወር አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ሁለት የድንበር ጠባቂዎች በዚሁ ሞቱ።

ሽፋኗ ሠራተኛውን ከወረቀት ወደ ስልክና ኮምፒውተር መልእክት ማሸጋገር ነበር። ሽፋን ይባል እንጂ ድካሙ የእውነት ነው። ሾፌሩ አጠገቡ ለተቀመጠችው ጸሐፊ «ቁልፉን አቀብዪኝ» የሚል የድምፅ መልእክት ይልካል። የክፍል ኃላፊው ለመርዶ የአውራ ጣት ምልክት ይመልሳል። የባሱት ግን የመዝገብ ቤቱ ሹም ነበሩ። ኮምፒውተሩ ጢጥ ባለ ቁጥር መልእክቱን ያትሙታል፣ የቀን ማኅተም ይመቱበታል፣ ገቢ ቁጥር ይሰጡታል፣ ይፈርሙበታል። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠሩት እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት ይህን ለመሳቂያ ብላ በሪፖርቷ ለዋርካ ጻፈችለት።

ዋርካ አልሳቀም።

መዝገብ ቤት ስትደርስ ሹሙ ወረቀት ሊያመጡ ወጥተዋል። መሳቢያውን ሳበችው። «የቡድን መልእክቶች፣ ገቢ» የሚል ወፍራም ማኅደር ተኝቷል። ፍላሹን ከሥሩ ልትሸጉጥ ማኅደሩን ስታነሣው ተከፈተ።

ቁጥር 412። ላኪ፣ አማካሪው። ማክሰኞ፣ ጠባቂዎቹ ከመሞታቸው አንድ ቀን በፊት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ።

«ጣቢያ ሰባት ነገ ጠዋት ይተኛል። ለሰዎቹ ንገራቸው።»

ይህን መልእክት በሠራተኞቹ የጋራ የቡድን ገጽ ላይ አይታው አታውቅም። ማንም አላየውም። ዋርካ ለአንድ ሰው ሊልከው ሲል ለአርባ ሰው ልኮት፣ ወዲያው ሰርዞታል። የሽማግሌው ማተሚያ ግን ቀድሞታል። ሌባውን ፈልግ የተባለው ሌባው ራሱ ነበር። አሁን ፈታሾቹ ፍላሹን ያገኛሉ፣ ማኅደሩን ይወስዳሉ፤ ወረቀቱ ወደ እሳት፣ ሽማግሌው ወደ እስር ቤት።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እሱን ጣቱ አመለጠው፤ እሷን ደግሞ በሪፖርቷ የጻፈችው ቀልድ፤ ወረቀቱ መኖሩን ያወቀው ከዚያ ነው።

«ልጄ፣ ምን ፈልገሽ ነው?»

ሹሙ በሩ ላይ ቆመዋል።

መዋሸት ትችል ነበር፤ ሙያዋ ነው። ግን በአጭሩ ነገረቻቸው፤ አሰልጣኝ እንዳልሆነች፣ የራዳር ምስጢር የያዘው ፍላሽ እሳቸውን ለመወንጀል እንደተዘጋጀ፣ ከምሳ በፊት እንደሚያስሯቸው። ወንበራቸው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«እንግዲህ ያ ሁሉ ማስተማር ለዚህ ኖሯል?»

«ጊዜ የለንም፣ አባባ።»

ስልኩም መልእክቱም በዋርካ ጆሮ ውስጥ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ሰው የገፋችበት አዲስ መንገድ፣ ለእሷ ዛሬ ዝግ ነው። 412ን እና ፍላሹን በፖስታ አሽጋ የራሷንና የዋርካን የበላይ ኃላፊ ስም ጻፈችበት። ቢሮው ከመንገዱ ማዶ ነው። ሹሙ ፖስታውን ደረታቸው ውስጥ ከተቱ። ለልማድ ያህል የመላኪያ መዝገባቸውንም ብብታቸው ሥር ያዙ።

ዋርካ እንዳይጠራጠር የምሳ ሰዓት ሲቃረብ «ገባ» ብላ ላከች። ፈታሾቹ ውጭ መኪና ውስጥ ነበሩ።

ሹሙን ገና በሩ ላይ ያዟቸው።

ከመስኮቱ ሆና አየች። ከወጣች ሽፋኗም ፖስታውም ይጠፋል። አልወጣችም። አንዱ ፖስታውን ከደረታቸው ሊነጥቅ እጁን ሰደደ። ሽማግሌው መዝገቡን ዘርግተው ደቀኑበት፤ የተጻፈለት ሰው ሳይፈርም ለማንም እንደማይሰጡ ነገሩት። በጥፊ መታቸው። ሰው ተሰበሰበ። መነጽራቸውን ከመሬት አንሥተው መዝገቡን እንደገና ዘረጉ። ደግሞ መታቸው፤ ያንኑ ጆሮ። ለምሳ የወጣው የበላይ ኃላፊ ጫጫታውን ሰምቶ መንገዱን ተሻገረ።

«ለኔ ነው የተጻፈው?»

«ለእርስዎ ነው። እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ።»

ፈረመና ፖስታውን ቀዶ ከፈተው።

ዋርካን ከልብስ አጣቢው ቤት ሸሚዙን እንደያዘ አወጡት። ማታ ኃላፊው ደውሎ አመሰገናት። ነገሩ በዝምታ እንዲዘጋ፣ እሷን የሚጠቅስ ወረቀት ሁሉ እንዲሰበሰብ አዘዘ። ለሽማግሌው ይቅርታ የሚል ደብዳቤ ይጻፍላቸው ስትለው፣ ያልተፈጠረ ነገር ይቅርታ የለውም አላት። ስልኩን ዘጋች። እሱንም ተጸየፈችው፤ መስኮቱ ሥር የቆመችውንም ሴት።

በማግስቱ ወረቀቶቹን ልትሰበስብ መዝገብ ቤት ገባች። የሹሙ ቀኝ ጆሮ በፋሻ ተሸፍኗል። ኮምፒውተሩ ጢጥ ሲል አልሰሙትም። ወረቀቶቿን አንድ በአንድ ቆጥረው አስረከቧት። ከሁሉም ላይ ያስቀመጡት ቁጥር አንድን ነበር፤ የመጀመሪያው ቀን እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አይታ የላከችላቸውን። «አይዞዎት አባባ፣ ቀስ ብለው ይለምዱታል። እኔ አለሁ።» ይላል። በቀይ ቀለም «ለላኪ ተመላሽ» ተጽፎበታል።

«አባባ፣ ይቺን እንኳ እርስዎ ጋ...»

«ይፈርሙልኝ፣ እመቤት።»

ትናንት «ልጄ»፣ «አንቺ» ነበረች። እስክሪብቶውን ያዘች። ባጇ ላይ ያለውን የሽፋን ስሟን ጽፋ ፈረመች። ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካክለው ፊርማውን ትክ ብለው አዩት።

«የእርስዎ ስም ይሄ ነው?»

ወረቀቶቹን ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሽማግሌው ማኅተሙን አንሥተው ነበር፤ መልሰው አስቀመጡት። መዝገቡን ሳይመቱበት ዘጉት።

በሩ ላይ ባጇን ለጥበቃው ሰጠች። አውቶቡስ መጣ። ከቆሙት ሰዎች መሃል አንዷ ሆና ገባች፤ ማንም ቀና ብሎ አላያትም።