የጋላክሲዋ እምብርት

ሽማግሌው ተመራማሪ ከሦስተኛ ፎቅ ሰገነት ወድቀው በጠፈር ምርምር ተቋሙ ግቢ አስፋልት ላይ በደረታቸው ተደፍተዋል። መርማሪዋ ስትደርስ የሚያለቅስ ሰው አላገኘችም። ሟቹን «ጋሼ» እያሉ ይጠሯቸው የነበሩት ሠራተኞች ራቅ ራቅ ብለው ቆመው እርስ በርስ ይገላመጣሉ። ባለቤታቸው ከልብስ ስፌት ቤታቸው ተጠርተው መጥተው፣ መርፌ እንደተሰካበት ሽርጣቸው፣ ሁሉንም በተራ በዓይናቸው ይወጉ ነበር።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ቆይማ» ይሏታል። ሰው የመጣለትን ሲደረድር በዚህች ቃል አቁማ ወደ ኋላ ትመልሰዋለችና ነው።

በመጀመሪያ ወደ ጋሼ ቢሮ ወጣች። ሠላሳ ዓመት ያጠኗት አንዲት ጋላክሲ ነበረች፤ ከእኛዋ በብዙ እጥፍ ፍጥነት ከዋክብት የምትወልድ። መሃሏን አቧራ ስለጋረደው፣ ጠፈር ላይ ያለው አሮጌው ቴሌስኮፕ እምብርቷን አጥርቶ አሳይቶ አያውቅም። አዲሱ ቴሌስኮፕ ግን ዓይን የማያየውን የሙቀት ጨረር ስለሚቀበል አቧራውን አልፎ ያያል። የመጀመሪያው ምስሉ የደረሰው በዚያው ጠዋት ነበር።

ኮምፒዩተሩ ተዘግቷል። ጠረጴዛው ላይ በአሮጌው ቴሌስኮፕ የተነሳ ፎቶ ተዘርግቷል፤ ከእምብርቷ በታች በስተግራ ምንም የሌለበት ጥቁር ቦታ በእርሳስ ተከቧል። መርማሪዋ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በሩን አሸገች።

ምስሎቹን የምታዘጋጀው ባለሙያ ስትጠየቅ ጥላቻዋን አልደበቀችም። ቴሌስኮፑ ወደዚያች ጋላክሲ እንዲዞር ሁለት ዓመት የለፋችው እሷ ነበረች፤ ጋሼ ግን ምስሉን በራሳቸው የይለፍ ቃል ቆልፈው ከእሳቸው በፊት ማንም እንዳያየው አደረጉ።

«አልወዳቸውም ነበር» አለች። «ግን ሲወድቁ እኔ በር ላይ ከጥበቃው ጋር በመኪና ማቆሚያ ስጨቃጨቅ ነበር። ጠይቂው።»

ጥበቃውም ጭቅጭቁን እያጉረመረመ አረጋገጠ። የእንግዳ መግቢያ ሰዓት ሊመዘግብ ሲል የመውደቁን ድምፅ ሰምቷል፤ አራት ሰዓት ከሃያ አምስት።

ባለቤታቸው ወንበር ሲሰጧቸው አልተቀመጡም። ባላቸው አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ስልክ ደውለውላቸው እንደነበር ተናገሩ፤ ሁለት ደንበኞችም አጠገባቸው ነበሩ።

«ተሳስቼ ኖሬያለሁ አለኝና ሳቀ» አሉ። «ደስ ብሎት ነበር። እኔን ተሳስቻለሁ ብሎኝ አያውቅም። ለጋላክሲዋ ግን አለላት።»

«ቆይማ። በምን እንደተሳሳቱ ነገሩዎት?»

«ቢነግረኝስ ይገባኛል? ምሳ እመጣለሁ ብሎ ዘጋው።»

በመጨረሻ የቀረበው ምክትላቸው ነበር፤ የጋሼ የቀድሞ ተማሪ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የተቋሙን ኃላፊነት ሊረከብ የታጨ። ጠዋቱን ሙሉ ምድር ቤት ያለው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ብቻውን እንደነበር፣ ከትናንት ወዲህም ሦስተኛ ፎቅን እንዳልረገጠ ተናገረ። መርማሪዋ ጊዜዋን እያባከነች እንደሆነም ሳይሸሽግ ነገራት።

«ራሳቸውን ነው ያጠፉት» አላት። «ዕድሜ ልካቸውን እምብርቷ አንድ ነው ሲሉ ኖረው፣ ከታች በስተግራ ሌላ ትንሽ እምብርት ብቅ ሲል ምን ይሁኑ? እርስዎ የእኛን ሥራ ስለማያውቁ አይፈረድብዎትም።»

መርማሪዋ በዚህ ጊዜ «ቆይማ» አላለችም። ቃል በቃል ጽፋ አስፈረመችውና አሰናበተችው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በምስል ማሳያው አዳራሽ ሰበሰበች። ባለቤትየዋ ከባለሙያዋ ጎን መቀመጥ ስላልፈለጉ ጥግ ይዘው ቆሙ። ምክትሉ ሰዓቱን ያያል።

«ጋሼ ራሳቸውን አላጠፉም» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «ከመውደቃቸው ከአሥር ደቂቃ በፊት ለሚስታቸው እየሳቁ ምሳ እመጣለሁ ያሉ ሰው ናቸው። ደግሞም ኮምፒዩተሩ እንደመዘገበው ምስሉ አራት ከአሥር ላይ ተከፍቶ የተዘጋው አራት ከሠላሳ አንድ ነው። እሳቸው የወደቁት አራት ከሃያ አምስት። የሞተ ሰው ኮምፒዩተር አይዘጋም። ከወደቁ በኋላ ቢሮው ውስጥ ሰው ነበር።»

ባለሙያዋ በዚያ ሰዓት ከጥበቃው ጋር ሬሳው አጠገብ እንደነበረች፣ ባለቤትየዋም በደንበኞቻቸው ፊት እንደነበሩ መርማሪዋ አስረዳች። ከዚያ የቴሌስኮፑ ማዕከል በደብዳቤዋ መሠረት ቁልፉን ያነሳላትን ምስል ከፈተች። ግድግዳው በቀይና በወርቃማ ብርሃን ተሞላ። ከትልቁ እምብርት በታች በስተግራ አንዲት ትንሽ ነጥብ ታበራለች።

«ከትናንት ጠዋት ወዲህ ይህ ምስል ሲከፈት ይህ የመጀመሪያው ነው» አለች ወደ ምክትሉ ዞራ። «እርስዎ ግን ትናንት የት እንዳለች ጭምር ነገሩኝ፤ ፈርመውበታል።»

ምክትሉ ግምት ነው አለ።

«ባለፈው ወር ባሳተሙት ጽሑፍ እምብርቷ አንድ ብቻ ነው ብለዋል። ማስረጃዎ በአሮጌው ቴሌስኮፕ የተነሳው ፎቶ ነበር። ዋናውን ቅጂ ከማኅደር አስወጣሁት። ጋሼ በእርሳስ በከበቡት ቦታ ላይ ደብዛዛ ነጠብጣብ አለች። በእርስዎ ቅጂ ላይ የለችም።»

ባለሙያዋ ከወንበሯ ተነሳች። «አጠፋሃት?» አለችው በዝግታ።

ምክትሉ ወደ እሷ ዞረ። ሲናገር ቁጣው ገና አልበረደም ነበር።

«ያጠፋኋት እሳቸውን ደስ ለማሰኘት ነው። ጠርተውኝ ስገባ ምስሉን እያዩ ይስቁ ነበር። የራሳቸው ስህተት አሳቃቸው፤ የእኔን ግን ዛሬውኑ ለተቋሙ አሳውቃለሁ አሉኝ። ይቅር አላሉኝም። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወደ ሰገነቱ ወጡ። ተከትዬ ገፋኋቸው።»

ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ ማንንም አላየም፤ ማንም አላየውም።

አዳራሹ ውስጥ ሁለቱ ሴቶችና መርማሪዋ ቀሩ። ባለቤትየዋ ከጥጋቸው ወጥተው ግድግዳው ድረስ ተጠጉ። ሠላሳ ዓመት የተጣሏትን ጋላክሲ አንድም ቀን አይተዋት አያውቁም ነበር።

«ይቺ ናት?» አሉ።

«ይቺ ናት» አለች ባለሙያዋ ፊቷን እንዳኮሳተረች። «ላስረዳዎት ብል አንድ ሰዓት ይፈጃል።»

ባለቤትየዋ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ጀምሪ» አሏት።