ማን ተሳለመው?

ቆዳው ስድስት ሰዓት ላይ ሆስፒታል መድረስ ነበረበት። አንጣሪው ግን ሰጋቱራውን አልበላም አለ።

አንጣሪው እንጨት ሥራ ቤቶች አሮጌ እንጨት ፈጭተው የሚልኩትን ሰጋቱራ ቀቅሎ ሊግኒኑን፣ ማለት እንጨቱን አጣብቆ የያዘውን ሙጫ፣ የሚያወጣ ማሽን ነው። ከሙጫው ለተቃጠለ ሰው ቆዳ ይሠራል። ዘርትሁን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አብልታዋለች። አሁን ጉልበቷ አልቋል፤ ልጆቿም "እማዬ፣ ይብቃሽ" ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል።

"ዛሬ ደግሞ ምን ሆንክ?" አለችው።

"የሰው ጨው አለበት። የከንፈር ቅባት፣ እንባ፣ ሰም። የምመዘግብበትን ስም ካልነገርሽኝ አልቀበልም።"

ጨውም ሰሙም ሲቀቀል እንደሚለቅ ታውቃለች። የቸገረው ስም ብቻ ነው።

ስልኳ ጮኸ። ሲስተር ሙሉእመቤት ነበረች፣ ከሆስፒታል።

"እትዬ ዘርትሁን፣ ኧረ በማርያም! የተቃጠለችው ሴትዮ ቆዳው ካልደረሰላት አትተርፍም።"

"ይደርሳል፣ በርቺ በያት።"

የጭነቱን ወረቀት አየች። "አሮጌ የቤተ ክርስቲያን በር" ይላል። አንጣሪውን ተደገፈች።

"የተሳለሙት ነው" አለችው።

"መሳለም ምንድን ነው?"

"ሰው በሩን ይስመዋል። የጨነቀውን እዚያ ይናገራል።"

"በሩ ይመልሳል?"

"አንተ ደግሞ! በር ምን ብሎ ይመልሳል? የሚሰማው ባለቤቱ ነው።"

"እንግዲያው ቆሻሻ ብዬ ልመዝግበው?"

"ቆሻሻ በለውና እግዜር ይይህ! 'መሳለም' ብለህ ጻፍና አሳልፈው።"

ጻፈ። ቀቀለ። ቆዳው ስስ ሆኖ፣ የሻይ መልክ ይዞ ወጣ። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲል የሆስፒታሉ ድሮን ይዞት ሄደ።

ከሰዓታት በኋላ ሲስተር ሙሉእመቤት መልሳ ደወለች። "ቆዳው ያዘላት እትዬ! ያዘላት!"

"ተመስገን" አለች ዘርትሁን። እልል ለማለት እንኳ አቅም አጣች። ቀጣዩን ጆንያ ጎትታ ገለበጠችለት።

"ይኼም የሰው ጨው አለው" አለ አንጣሪው። "ማን ተሳለመው?"

ወረቀቱን አየች። የራሳቸው ፋብሪካ የጣለው አግዳሚ ወንበር ነው፤ ፈረቃ ሲያልቅ ሁሉም የሚዘረፈጥበት። እሷም ስንት ቀን ጠርዙን ይዛ፣ "አቤቱ፣ ዛሬን ብቻ አቁመኝ" እያለች ተነስታበታለች።

"ማንም" ልትል አፏን ከፈተች።

"እኔ" አለች።

"መልስ አገኘሽ?"

"ይኸው ቆሜ የለም እንዴ!" አለችና ባዶውን ጆንያ አጠፈች።