ሙሽራው በዳምጠው

በ፲፱፻፸፬ ዓመተ ምሕረት፣ ጥር ፲፮ ቀን፣ እሑድ ማለዳ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጤዛውን ገና ሳያራግፍ፣ ከኮተቤ ወደ ካራ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ሙሽራ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ክራባቱን አስሮ፣ ዳምጠው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ዳምጠው የተባለውም የከተማው ሕዝብ ስም ያወጣለት የመንገድ መዳመጫ መኪና ነው።

ሙሽራው ቱሉ ነገሳ ይባላል፤ የዳምጠው ነጂ ነው። ሠርጉን በሥራ ምክንያት ሁለት ጊዜ አስተላልፏል፤ የሙሽሪት አባት ባላምባራስ ወልደሰንበትም፣ አብዮቱ ማዕረጋቸውን ቢሽርም ቁጣቸውን ሊሽር ያልቻለ ሰው ነበሩና፣ «በሦስተኛው ቀጠሮ ቀትር ካለፈ በሬን እዘጋለሁ፤ ልጄም ትቀርልኛለች» ብለው ሽማግሌዎቹን አሰናብተዋል። ቱሉ ደግሞ ሙሽሪትን የሺመቤትን ከልቡ ይወዳት ነበር።

መንገዱ የሚታደሰው ከአንድ የውጭ መንግሥት በተገኘ ብድር ነው፤ ቀሪው ብድር የሚለቀቀው የአበዳሪው መልእክተኞች ሥራውን በዓይናቸው አይተው ሲያምኑ ብቻ ነበር፤ እነርሱም ከዚያች እሑድ በቀር ሌላ ቀን አልነበራቸውም። ካራ መግቢያ ላይ የተነጠፈው ገረጋንቲ ግን ገና አልተዳመጠም፤ ሌላው ነጂም ታሞ ተኝቷል።

«ጓድ ቱሉ፣ ሠርግህን ለሳምንት አድርገው» ብለውት ነበር የሥራው ኃላፊ ጓድ ገበየሁ፣ ዓይኑን ማየት አፍረው። «ብድሩ ከቀረ መንገዱም እዚሁ ይቀራል።»

«ለሳምንት ካልኳቸው ባላምባራስ ለዘላለም ነው የሚሉኝ። እርስዎ ግን አይጨነቁ፤ ያልተዳመጠው መንገድ የሚያልቀው እደጃቸው ነው። እየዳመጥኩ እሄዳለሁ።»

ጓድ ገበየሁ ጥቂት አሰቡና ሳቃቸው አመለጣቸው።

እንዲህ ያለ ሠርገኛ ካራ አይታ አታውቅም። ዳምጠው ከሰው እርምጃ ይዘገያል፤ ይህም አንሶ፣ ሲዳምጥ ወደ ኋላ ስለሚመለስ፣ ሚዜዎቹ ዘፈኑን እንደያዙ አብረው ወደ ኋላ ይመለሱ ነበር። ፀሐይዋ ከፍ ስትል የአንደኛው ሚዜ የጉደታ ትዕግሥት አለቀ።

«ቱሉ፣ አንዴ ያለፍክበት ይበቃል። ልጅቷን ልታጣት ነው።»

«አይበቃም» አለ ቱሉ፣ ላቡን በክራባቱ እየጠረገ። «ክረምት ሲመጣ እዚህ የሚሰምጠው የእኛው አውቶቡስ ነው።» ይህን ብሎ ግን ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ።

በዚህ መሐል ባንዲራ የሰቀሉ ሁለት ጥቁር መኪኖች ጉብኝቱን ከመንገዱ መጨረሻ ሊጀምሩ በተለዋጭ መንገድ ቀድመውት አለፉ። መኪኖቹ ባላምባራስ ደጅ ሲቆሙ፣ የሙሽሪት አክስት ወይዘሮ በለጡ የሙሽራው መሰሏቸው፤ ሴቶቹን አሰልፈው፣ እንደ ወጉ በዘፈን በር ከለከሉ። የፕሮቶኮሉ ሹም ተቃውሞ መስሎት ፊቱ ዐመድ ሆነ። የመልእክተኞቹ አለቃ ሽማግሌው ፈረንጅ ግን በአስተርጓሚ ነገሩን ሲረዳ፣ ለማለፍ ምን እንደሚከፈል ጠየቀ።

«ሽቶ ነው» አሉ ወይዘሮ በለጡ።

ፈረንጁ ከሻንጣው የጢም መላጫ ሽቶውን አውጥቶ ሁሉንም እየዞረ ረጨ። ባላምባራስም፣ ስህተቱ ቢገባቸውም፣ ደጃቸው የደረሰ እንግዳ ጾሙን አይመለስም ብለው አስገቧቸው። ድንኳኑ ውስጥ ወጥ ሲጨለፍ፣ ጠጅ ሲቀዳ፣ ቀትር አለፈ።

ዳምጠው እያጓራ ደረሰ። ቱሉ አቧራ ለብሶ ወረደና ባላምባራስ እግር ላይ ሊወድቅ ጎንበስ አለ።

«ቀትር አልፏል» አሉ ባላምባራስ።

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ።»

ባላምባራስ መንገዱን እስከ ሩቅ አዩት። ከዘራቸውን ሰክተው ሞከሩት፤ አልገባም።

«ቀትሩስ አልፏል፤ በሬን ግን መቼ ዘጋሁት?» ብለው ትከሻውን ይዘው አቀኑት፤ እልልታውም ቀለጠ። የሺመቤት ከውስጥ ሆና፣ ወጉን ረስታ ጮክ ብላ ሳቀች።

መልእክተኞቹ ሥራውን አይተው አመኑ፤ ብድሩ ተለቀቀ፤ መንገዱም ክረምት ሳይገባ አለቀ። በጉብኝቱ ማግስት የወጣው ዜና የልዑካኑን መደሰት ነገረ፤ ሠርጉን አላነሣም። ያበደረውም፣ የተበደረውም መንግሥት ኋላ በየተራ ወደቁ፤ ዕዳው ግን ከሁለቱም ዕድሜ ረዘመ። ቱሉና የሺመቤት በግብራቸው ከፈሉት፤ እነርሱ ሲያረጁ ልጆቻቸው ቀጠሉ፤ ታሪክም አበዳሪና ተበዳሪውን መዝግቦ፣ ከፋዮቹን በስም ሳይጠራቸው አለፈ።