መሃሉ የተሰፋ ጨርቅ

«ስፌት አለው» አለች እናቷ።

ሚጡ ቁልፍ ከምትተክልበት ሰደርያ ላይ ቀና አለች። «ምኑ?»

«ጨርቁ ነዋ! መሃሉ ላይ ስፌት አለው። ከመቼ ወዲህ ነው ከፋብሪካ የወጣ ጨርቅ መሃሉ ተሰፍቶ የሚመጣው?»

ሰማያዊው ጣቃ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ጫፍ እስከ ጫፍ ተዘርግቷል። ከስፌቱ ወዲህ ያለው ወፈር ያለ፣ እጅ ሲያርፍበት ደስ የሚል ጨርቅ ነው። ከስፌቱ ወዲያ ያለው ግን ቀለሙ ቁርጥ ያንኑ ይምሰል እንጂ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ነገር ነው። እናቷ ጣቷን በምራቋ አርሳ ስሱን ጨርቅ አሸት አደረገችው። ጣቷ ሰማያዊ ሆነ።

«ጉድ ሆንኩ!» ብላ ጨርቁን ወረወረችው። ወዲያው ደግሞ መልሳ አነሳችውና ስፌቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «እዪው እስቲ እንዴት ቀጥ እንዳለ! ይሄ ሌባ፣ እንዲህ መስፋት እየቻለ ምን አሰረቀው?»

ሚጡ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። የእናቷን ፊት ስታይ ዋጠችው።

ጩኸቱን የሰማው ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ብቅ አለ። ግማሽ ራሱን የተከረከመ ደንበኛውም የአንገት ጨርቁን ሳያወልቅ ከኋላው መጣ። ነገሩ ተነገራቸው። ፀጉር አስተካካዩ ምላሱን ጠቅ ጠቅ አደረገና፣ «ፈትሸሽ አላየሽውም እንዴ?» አለ።

«እኔማ ብሆን እስከ መጨረሻው ነበር የማስፈታው» አለ ግማሽ ራሱ የተከረከመው ሰውዬ።

ማን ጠየቀህ፣ አለች ሚጡ በሆዷ። አባቷ ሾፌር ነው፤ ከመንገድ ሲደውል እሱም የጠየቀው ያንኑ ነው። እናቷ መልስ ሳትሰጠው ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ለሻጩም ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው። ደግማ ደወለች፣ አሁንም ዝግ። ታዲያ ምን ጠብቃ ነበር? ሌባ አለሁ ይላል?

ሚጡን ያበሳጫት እናቷ አይታ፣ ፈትሻ መግዛቷን ማወቋ ነው። ሻጩ ባለ ከረባት ነበር፤ ጣቃውን ራሱ ተሸክሞ እስከ ሱቁ ድረስ መጣ። ከጫፉ ክር መዝዞ ክብሪት አቀበላትና፣ «ያቃጥሉት እንጂ እትዬ!» አላት። እናቷ አቃጠለችው። ፕላስቲክ ያለበት ክር ይቀልጣል፤ ያኛው አመድ ሆኖ በነነ። ጨርቁን በመዳፏ ጨበጠችው፣ ለቀቀችው፣ አልተጨማደደም። «እርስዎን ማን ይደፍራል?» አለ ባለ ከረባቱ። «እንደ እርስዎ ጨርቅ የሚያውቅ ሰው ፊት ስቆም ላብ ላብ ይለኛል።» ከዚህ ሁሉ ሙገሳ በኋላ እናቷ ጣቃውን እስከ ውስጡ ፍታልኝ ለማለት ይሉኝታ ያዛት። አላምንህም ማለት መሰላት። ሚጡም እዚያው ቆማ ነበር፤ እሷም ሰውየው እናቷን ሲያሞግስ ደስ ብሏት እንደ ጅል ፈገግ ብላለች።

ጨርቁ የተገዛው ለትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ክበብ ነው። ልጆቹ ከሱቅ የተሰፋ ሰደርያ እንግዛ ሲሉ፣ «እናቴ እያለች?» ብላ አፏን ሞልታ የተከራከረችው ሚጡ ናት። ሰደርያው የሚለበሰው በነጭ የትምህርት ቤት ሸሚዝ ላይ ነው። ይሄ ሰማያዊ ደግሞ ይለቃል!

«አዲስ ጨርቅ መግዛት አለብን» አለች ሚጡ፣ ሰዎቹ ሲወጡ።

«በምን? ለኦቨርሎኩ ባስቀመጥኩት ብር?»

እናቷ ኦቨርሎክ ማሽን ስለሌላት የልብስ ጠርዝ ለማስዘምዘም ሌላ ሰፊ ዘንድ ትመላለሳለች። እዚያ ደግሞ ወረፋ ያስጠብቋታል፤ አንዳንዴም ነገ ነይ ብለው ይመልሷታል። ከዚህ ሁሉ ልትገላገል የቀራት ትንሽ ነበር።

«ይሰፋል» አለች እናቷ ድንገት።

«የቱ?»

«ይሄው ነዋ! ሰደርያ ምን አለበት? ማን በየቀኑ ያጥበዋል?»

«እማዬ! ላብስ?»

«ላባቸውን ይጥረጉ! እኔን ሲያታልለኝ ማን አዘነልኝ? ሁሉም ፈትሸሽ አላየሽውም ወይ ብሎኝ ሄደ እንጂ ማን አይዞሽ አለኝ?»

መቀሷን አንስታ መቁረጥ ጀመረች። ሚጡም ቁልፏን መትከል ቀጠለች፤ ክሩን እየጎተተች፣ እያሳጠረች፣ ጣቷን እየወጋች። በባለ ከረባቱ ተናዳለች፣ በእናቷም ተናዳለች። ከሁሉ የባሰው ግን ነገሩ ትክክል እየመሰላት መሄዱ ነው። እውነትም ማን ያጥበዋል? ቢለቅ እንኳ ማን ከእነሱ ጨርቅ መሆኑን ያውቃል? ሸሚዙ ነው የለቀቀው ቢባልስ? ነጭ ሸሚዝ ሰማያዊ ሲለቅ! ራሷን ልትመታው ምንም አልቀራትም።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት በኋላ ሎጋ ልትለካ መጣች። ከክበቡ ልጆች ሁሉ ረጅሟ ስለሆነች ነው ሎጋ የሚሏት፤ የሚጡም የልብ ጓደኛ ናት። ከስሱ ጨርቅ የተሰፋላትን ሰደርያ ለበሰችና መስታወቱ ፊት ዞር ዞር አለች።

«እትዬ፣ አንደኛ ነው! የኮከብ ዘፋኝ ነው የሚመስለው።»

«ዘፈኑንም እንደሱ አድርጊው» አለች እናቷ። ከዚያ እስፒሎች በከንፈሯ ይዛ ሎጋ እግር ሥር ተንበረከከችና የሰደርያውን ጫፍ ማስተካከል ያዘች።

ሎጋ ወደ ሚጡ ጎንበስ ብላ ድምጿን ቀነሰች። ቀነስኩ ብላ ነው እንጂ በዚያች ጠባብ ክፍል ሁሉም ይሰማል። «ስሚ፣ ማንም ጋ እንዳታወሪ። መድረክ ላይ ስወጣ ያልበኛል። በጣም! ብብቴ ጎርፍ ነው የሚሆነው። ያን ጊዜ በግራጫው ልብስ ስንወጣ እጄን ሳላነሳ ነው የጨረስኩት፣ አታስታውሺም?»

«አስታውሳለሁ።»

«ይሄ ቀለሙ አይለቅም አይደል? ሸሚዜ ደግሞ አዲስ ነው።»

የእናቷ እጅ ቆመ። ቀና አላለችም።

አይለቅም ማለት ቀላል ነው። ሎጋ ደስ ብሏት ትሄዳለች፣ ኦቨርሎኩም ይገዛል። ከዚያ ሎጋ መድረክ ላይ እጇን ታነሳለች። ያ ሁሉ ተማሪ እያየ፣ ያ ሁሉ ስልክ እየቀረጻት።

«ይለቃል» አለች ሚጡ።

«እየቀለድሽ ነው?»

«አልቀለድኩም። በምራቅ እንኳ ይለቃል።»

ሎጋ አንዴ ሚጡን፣ አንዴ መሬት ላይ የተንበረከከችውን ሴት አየች። ሚጡ፣ እናቷ ተነስታ በጥፊ የምታጮላት መሰላት። እናቷ ግን እስፒሎቹን ከከንፈሯ ላይ አንድ በአንድ እያነሳች የመርፌ መሰኪያ ትራሷ ላይ ሰካቻቸው። ጉልበቷን ይዛ ተነሳች።

«አውልቂው የኔ ልጅ» አለች ሎጋን። «ጨርቁን ስገዛ ተሸውጄ ነው።»

ይሄን ቃል ከአፏ ስታወጣ ፊቷ በርበሬ መሰለ። ትናንት ለጎረቤቱ ስትናገር እንኳ ሌባ፣ አጭበርባሪ፣ ከረባቱ ይነቀውና እያለች ስለ ሰውየው ነበር እንጂ ተሸወድኩ አላለችም።

«አይዞዎት እትዬ» አለች ሎጋ።

እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና የሌለ አቧራ ከማሽኑ ላይ ጠረገች።

ሎጋ እንደሄደች ሚጡ የተሰፉትን ሰደርያዎች ከመስቀያው አወረደች። ከስሱ ጨርቅ የተሠሩትን ለየቻቸውና ምላጭ ይዛ ቁልፎቻቸውን መፍታት ጀመረች። ቁልፎቹ እንኳ ለአዲሱ ይተርፋሉ።

«ምላስሽ ግን አያርፍም» አለች እናቷ፣ ሳትዞር።

«ይቅርታ እማዬ።»

«ኦቨርሎኬን በላሽው።»

«አውቃለሁ።»

«ለተቀሩትስ ልጆች ማን ሊነግራቸው ነው?»

«እኔ። ነገ ከልምምድ በፊት እነግራቸዋለሁ።»

«ቢስቁብሽስ?»

«ይሳቁ።»

እናቷ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። ሌላ ምላጭ አነሳችና አንዱን ሰደርያ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ስፌቱን መተርተር ጀመረች፤ እየተናደደች፣ ክሩን እየበጣጠሰች።

«የተሸወድኩት እኔ!» አለች። «አንቺ ምን ቤት ነሽ የምትነግሪው? ነገ እኔው መጥቼ እነግራቸዋለሁ። አንቺ ክፍሉን ብቻ ታሳዪኛለሽ።»