ከማሽኑ በላይ የተንጠለጠለው አምፖል

«አሁንም ሳትኩት!» አለች የሚጣ እናት፣ ክሩን ከመርፌው ቀዳዳ ጋር እያታገለች። «በቃ፣ ዓይኔ ከድቶኛል። ማሽኑን ነገ ይውሰዱት።»

ሚጣ ከደብተሯ ቀና አለች። ያ የስፌት ማሽን እሷ ሳትወለድ የነበረ፣ የቤቱ የበኩር ልጅ በሉት። ትናንት ግን እናቷ የደንበኛን ጥቁር ሱሪ በሰማያዊ ክር ጠቅማ ሰጥታ፣ ሰውየው በፀሐይ ብርሃን አይቶ መልሶላታል። በዚያው ለማሽኑ ገዢ ተፈልጎ ተገኘ።

የትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ ለሚጣ የሰጣት አዲስ ኤልኢዲ አምፖል ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ፈተና ስለደረሰ ለጥናት ጥግዋ አስባዋለች። ከማሽኑ በላይ የተንጠለጠለውን ጥምዝምዝ አምፖል አየችው፤ ሥሩ ጠቁሯል። የክበቡ መምህር «እንዲህ ያለው ሲያረጅ ብርሃኑ ቀስ እያለ ስለሚቀንስ ማንም አይነቃበትም» ያሉት ትዝ አላት።

«እማ፣ አምፖሉን ልቀይርልሽ?»

«ለጥናትሽ አድርጊው እንጂ! ለኔ ዓይን ፀሐይ ብትወርድም ዋጋ የለውም።»

ሚጣ ግን መብራቱን አጥፍታ ወንበር ላይ ወጥታለች። አሮጌው እስኪቀዘቅዝ ጠብቃ ፈታችው፣ አዲሱን አጠበቀችና ወርዳ አበራችው።

ጥቁር ነው ብለው የከመሩት ጨርቅ ሦስት ዓይነት ሆኖ ቁጭ አለ፤ ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ቡናማ። ግድግዳው ላይ ያሉት ትንንሽ አበቦች እንኳ ቀለማቸው ተመልሶላቸዋል። ሚጣ የገዛ ቤቷን ገና ዛሬ ያየችው መሰላት።

«ወይ ጉድ!» አለች እናቷ። ክሩን አነሳች። አንድ ጊዜ ብቻ ሞከረች፤ ገባ። እየሳቀች ዓይኗ እንባ ሞላ። «ስረግመው የከረምኩት የገዛ ዓይኔን ነው እንዴ? በይ ለገዢው ደውይ፤ ማሽኑ አይሸጥም በያቸው።»

ሚጣ ደውላ ስትመለስ እናቷ አሮጌውን አምፖል አቀበለቻት። «ጥግሽ ላይ ግጠሚው፤ ይሠራል እኮ።»

ሚጣ ተቀበለችው። ለጥናት ብርሃኑ አይበቃም፤ ውስጡም ሜርኩሪ አለ፤ ከተሰበረ መርዝ ነው። በጨርቅ ቁርጥራጭ ደጋግማ ጠቅልላ፣ ትምህርት ቤት ያለው የአሮጌ አምፖል ማጠራቀሚያ ሳጥን ውስጥ ልትከተው፣ ባዶ ካርቶን ውስጥ አስቀመጠችው። ከዚያ ደብተሮቿን ታቅፋ ወደ ማሽኑ መጣች።

«እማ፣ ትንሽ ጠጋ በይልኝ።»