ስም ሳይጠራ የተጣራው

ይህን ከሰው አልሰማሁትም፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ምስክሬ ሲስተር አዲስዓለም ናት። ባለፈው ደውዬላት "ያን ነገር አታንሺብኝ" ብላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ሰዓቱ ቀን ስድስት ሰዓት ነው። ጨለማ የለ፣ ጅብ የለ። ፀሐይ አናት ላይ...

ቦታው ሲማዳ፣ ወገዳ ከተማ። ስሙን የማልጠራው አንድ ክሊኒክ፣ የአራሶች ክፍል።

እኔ ኢልሀም እባላለሁ። ሥራዬ ፕሮግራም መጻፍ ነው። እህቴ ረሺዳ እዚያ ሴት ልጅ ተገላግላ ስለነበር ላስታምማት መጣሁ። እጄ ደግሞ አርፎ መቀመጥ አያውቅም። በዋዜማው ላፕቶፔን አውጥቼ ለነርሶቹ አንድ ነገር ሠራሁላቸው።

ነገሩ ቀላል ነው። ስክሪኑ ላይ ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ሳጥን አለ፤ የማጥቢያና የሙቀት መለኪያ ሰዓት ያስታውሳል። ሳጥኖቹ እርስ በርስ አይተዋወቁም። ከኋላቸው ግን አንድ ታይመር አለ። በየሰከንዱ "አሁን!" ይላል። ለማን እንደሚናገር አያውቅም፤ የሰማ ሳጥን ነጥቡን ብልጭ አድርጎ የራሱን ሥራ ይሠራል። ልክ እንደ አዛን ነው። ሙአዚኑ ማን ቤት እንደተሰማ አይቆጥርም።

ኮርቼበት ነበር። ከጎናችን አራስ ልጃቸውን ለሚያስታምሙት ለእማማ አመተ ማርያም ሳይቀር አስረዳኋቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

"ስም ሳይጠራ ነው የሚጣራው?"

"አዎ እማማ። የሰማ ይሰማል።"

"በስመ አብ! በቀትር? ልጄ፣ በቀትር ስም ሳይጠሩ አይጣሩም። ያልጠራሽው አቤት ይልሻል።"

ሳቅሁ። እንዴት እንደሳቅሁ ሳስበው አሁን ያመኛል።

መጀመሪያ ያስተዋለችው ሲስተር አዲስዓለም ናት። የረሺዳን ልጅ ትንፋሽ ለአንድ ደቂቃ ቆጠረች። ቀና አለች። ደግማ ቆጠረች።

"ሠላሳ" አለች በሹክሹክታ።

"ጥሩ አይደለም እንዴ?"

"ጠዋትም ሠላሳ። ትናንትም ሠላሳ። ሕፃን እንዲህ እኩል አይተነፍስም።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ደረቷ ከፍ... ዝቅ። ከፍ... ዝቅ።

ከዚያ ስክሪኑን አየሁ።

አረንጓዴዋ ነጥብ ብልጭ ስትል ደረቷ ከፍ ይላል። እንደገና ብልጭ ስትል ዝቅ።

ይህቺን ልጅ ከታይመሩ ጋር ያገናኘኋት እኔ አይደለሁም። ሽቦ እንኳ አልነካትም።

ላረጋግጥ ብዬ ታይመሩን አቆምኩት።

ደረቷም ቆመ...

ከንፈሯ መጥቆር ጀመረ። ሲስተር ጀርባዋን ማሸት ያዘች። እኔ ታይመሩን መልሼ አስነሳሁት።

ብልጭ። ከፍ።

"ምን ነክተሽ ነው?"

"ታይመሩን..."

"ሁለተኛ እንዳትነኪው!"

ድምፁን የሰማሁት ያኔ ነው።

ጢጥ... ጢጥ...

ለፕሮግራሙ ድምፅ አልሰጠሁትም። ድምፁ የሚመጣው ከጥግ ነው። ማንም ካልተኛበት አልጋ።

"ሲስተር... ትሰሚያለሽ?"

"ዝም በይ" አለች፣ ወደ ጥጉ ሳታይ።

በዚህ መሃል መብራት ጠፋ። ወገዳ ላይ ይህ ብርቅ አይደለም። ላፕቶፔ ግን አሮጌ ነው፤ ባትሪው ወዲያው ቀይ አሳየ። ጀነሬተሩ ነዳጅ ጨርሷል። ዘበኛው ሊፈልግ ሮጠ። ሲስተር የአየር መስጫውን ፊኛ ይዛ ሕፃኗ ላይ ቆመች።

ረሺዳ ልጇን አቅፋ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። "ኢልሀም... ሲጠፋስ?"

ፈርቼ ነበር። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

እማማ አመተ ማርያም ከአልጋው አጠገብ ተነሡ።

"የልጅቷ ስም ማን ነው?"

"ገና አልወጣላትም" አለች ረሺዳ። "በሰባተኛው ቀን ነው። አባቷ ታጁ መንገድ ላይ ነው፤ እሱ ነው የሚያወጣው።"

"ታዲያ ስም የላትማ! ስም የሌለው ጥሪ ስም የሌላትን ያዘ። አሁኑኑ ጥሪያት!"

"ታጁ ሳይመጣ?"

"ታጁ ሲመጣ በሕይወት ትቆየው!"

ነጥቧ ብልጭ አለች። አንዴ ደግማ... ስክሪኑ ጠቆረ።

ደረቷ ቆመ።

ሲስተር ፊኛውን ከማቅረቧ በፊት ረሺዳ ጎንበስ አለች፤ አፏን የልጇ ቀኝ ጆሮ ላይ አደረገች።

"ረውዳ... ረውዳዬ። የጠራሁሽ እኔ ነኝ። እናትሽ።"

ደረቷ አልተነሣም።

"ረውዳ!"

ልጅቷ አለቀሰች። ክሊኒኩን የሚያናጋ ለቅሶ! ትንፋሿ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል፤ ደስ የሚል ዝብርቅርቅ። አልሐምዱሊላህ እያልኩ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ረሺዳ እየሳቀች ታለቅሳለች። ሲስተርም ፊኛውን አስቀምጣ ዓይኗን በጋወኗ ጠረገች።

እማማ ብቻ አልሳቁም። ወደ ጥጉ አፍጥጠዋል።

መብራት የለም። ላፕቶፑ ጠፍቷል።

ጢጥ... ጢጥ...

"ለዚህኛውስ" አሉ እማማ፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ፣ "ለዚህኛው ማን ስም ያውጣለት?"

ዞር አልኩ።

ባዶው አልጋ ላይ፣ ተጣጥፎ የተቀመጠው ብርድ ልብስ...

ከፍ አለ።

ዝቅ አለ።