አረም የወረሰው ኩሬ

ጥፋት ሁሉ ከክፉ ሰው አይመጣም። ከቴፒ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት መንደር የእሸት ቡና ማጠቢያ የነበረው አሕመዲን ለቅሶ ደራሽ፣ የተቸገረ ረጂ ነበር። ይሁን እንጂ የቡናውን ገለፈትና ፍሳሽ አራት ዓመት ሙሉ የለቀቀው መንደሩ ከብቱን ወደሚያጠጣበት ኩሬ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ውሃው ጠቆረ። በሁለተኛው ሸተተ፤ ዓሣው ሞቶ ተንሳፈፈ። ከዚያ ወዲህ ሥሩን ጭቃው ውስጥ የሰደደ ረዥምና ቀጭን የውሃ አረም ኩሬውን ከዳር እስከ ዳር ወረሰው።

በ1998 ዓ.ም. የቡና ለቀማ ሲጀመር ጎረቤቱ ተረፈ መጣ።

«ጋሽ አሕመዲን፣ የግብርና ባለሙያዋን ጠይቄ ነበር። ገለፈቱ ለአረሙ ማዳበሪያ ሆኖለታል አለችኝ። ጉድጓድ ቆፍረን ፍሳሹ እዚያ ይጠራቀም። እኔም ዶማዬን ይዤ እመጣለሁ።»

አሕመዲን ሳቀ። «ውሃ ምን ይሆናል ብለህ ነው? ክረምት ሲመጣ ጠራርጎ ይወስደዋል። ለቀማው ይለፍና እናየዋለን።»

ለቀማው ሳያልፍ፣ ኅዳር አጋማሽ ላይ ከኩሬው በኩል ጩኸት ተሰማ። አሕመዲን ገመድ አንጠልጥሎ ሮጠ። የተረፈን ላም አረሙ እግሯን ተብትቦ ይዟታል፤ ተረፈ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ በማጭድ ይቆርጥላታል። ላሟ ተላቃ ወጣች። እሱ ግን ሊከተላት ሲራመድ እግሩ ተያዘና ሰመጠ። አሕመዲን ገመዱን ወረወረ። አንድ እጅ ብቅ አለ፤ ገመዱን ሳይነካ ተመልሶ ገባ።

አስከሬኑን ያወጡት አረሙን በቆንጨራ እየቆራረጡ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አሕመዲን የቡና መፈልፈያ ማሽኑን አስቁሞ ጉድጓዱን መቆፈር ጀመረ። የተረፈ ባለቤት ማናልሞሽ ጥቁር ለብሳ መጥታ አጠገቡ ቆመች።

«ስንት ቀን ይፈጃል፣ ጋሽ አሕመዲን?»

«አራት... ቢበዛ አምስት ቀን።»

«አምስት ቀን!» አለች ቀስ ብላ። «ለአምስት ቀን ሥራ ነው ልጆቼ አባት ያጡት?»

 አሕመዲን አቀርቅሮ መቆፈሩን ቀጠለ።

ጉድጓዱ አለቀ፤ ከዚያ ወዲህ ጠብታ ፍሳሽ ወደ ኩሬው አልወረደም። አረሙ ግን አልጠፋም። ጭቃው ውስጥ የተከማቸውን የአራት ዓመት ቀለብ እየሳበ በየዓመቱ ያቆጠቁጣል። አሕመዲንም ማጠቢያ ሊተክል ያሰበ ሰው ባገኘ ቁጥር ኩሬው ዳር ወስዶ እንዲህ ይለዋል፦

«ከማሽኑ በፊት ጉድጓዱን ቆፍር። ነገ ያልኩት እኔ ነኝ፤ የሞተው ግን ተረፈ ነው።»